ሃያ ሰባት ሳንቲም

ባለፈው እትም ስለ ቁጠባ ደብተር አያያዝ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባደረግናቸው ወርሃዊ ስብሰባዎች ሁሉ ሳይነሳ የማያልፈው ጉዳይ የመብራት ዋጋ ሆኗል። “ግድቡ አልቆ ተመርቆ ሳለ መብራት እንዴት ይጨምራል?” የሚለውን ጥያቄ ያነሳችው አንዲት አባል ብቻ አይደለችም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የዘንድሮውን ቢል ብቻ እያዩ ማግኘት ግን አይቻልም፤ ዋጋው ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ እትም ወደ ኋላ ሄደን መንግሥት የቤት መብራትን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለማቆየት ምን እንዳደረገ፣ ያደረገውስ ለእኛ ለሴቶች ምን ያህል እንደደረሰን እንጽፋለን።

ከአንድ ቁጥር እንጀምር፤ 0.2730 ብር። በ1998 ዓ.ም. በወጣው የኤሌክትሪክ ታሪፍ መሠረት በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ይህን ነበር። 27 ሳንቲም ከምናምን ማለት ነው። ለ50ው ሲሰላ 13 ብር ከ65 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ዋጋ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ አልተነቃነቀም። አሥራ ስምንት ዓመት! በ1998 አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር፤ በ2016 ሐምሌ ወር መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት 57 ብር ደርሶ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱና የቤት ኪራዩ የት እንደደረሱ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. በ13 ብር ከ65 ሳንቲም አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ አይገዛም፤ የአንድ ወር መብራት ግን ይገዛ ነበር።

ሂሳብ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ የብር አቅም እየወረደ ዋጋው ባለበት ከቆመ፣ ዋጋው እየወረደ ነው። እንግዲህ መንግሥት የቤት መብራትን ዋጋ የቀነሰው “ቀንሻለሁ” ብሎ አውጆ ሳይሆን ሳይነካው በማለፍ ነው። ይህን ያህል ረጅም ጊዜ የቆየ ድጎማ በሀገራችን ብዙ የለም። የነዳጅ ድጎማ ስንት ጊዜ ተነስቶ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ እናስታውሳለን።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት ነው፤ የገባውም ለመብራት ነው። ከዚያ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ ለአዲስ አበባ ሲበቃ፣ ብርሃኑ ከቤተ መንግሥት ወደ መንገዱ፣ ወደ ሱቁና ወደ ባለሀብቱ ቤት ወጣ። በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኃይል አመንጪውና ለደንበኛ አከፋፋዩ ለሁለት ተከፈሉ። ሕዝቡ ግን ዛሬም “መብራት ኃይል” ነው የሚለው። እኛም “መብራት ጠፋ”፣ “መብራት መጣ”፣ “የመብራት ቢል” እንላለን እንጂ ኤሌክትሪክ ጠፋ የሚል ሰው አልሰማንም።

ይህን ያነሳነው ለቃሉ ብለን አይደለም። ስሙ መብራት የሆነው አገልግሎቱም ለረጅም ጊዜ መብራት ብቻ ስለነበረ ነው። ከዋናው መስመር የራቁ የክፍለ ሀገር ከተሞች በናፍጣ ጀነሬተር በሚሰጣቸው ኃይል ማታ ማታ አምፖል ያበሩ ነበር። በዚያ ኃይል ምጣድ ላስጥድ የሚል አልነበረም። የቀረው ሕዝብ በኩራዝና በፋኖስ ያመሻል፤ ላምባ በጠርሙስ ይገዛል። ላምባ ሲወደድ ልጆች በጊዜ ይተኛሉ። በዚህ ዓይን ካየነው የኤሌክትሪክ መምጣት ትልቅ ነገር ነበር፤ ግን የተካው ኩራዙን እንጂ ምድጃውን አልነበረም።

የሴት ድካም ደግሞ ከኩራዙ ይልቅ ምድጃው ላይ ነው። የመንዝን ደጋ የሚያውቅ ያውቃል፤ እንጨት የለም፣ ብርዱ ይበረታል፣ የሚነደው ኩበት ነው። ማሳ ላይ ወድቆ እህል ማብቀል የሚገባው ፍግ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በእኛ በመርሐቤቴ ቆላው ቀረብ ስለሚል እንጨት ይሻላል ይባላል፤ ይሻላል የሚለው ግን ከጀማ ሸለቆ ሸክም ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቶ የማያውቅ ነው። ለዚህ ሁሉ ድካም ዋናው ምክንያት እንጀራ ነው። ወጡ በጥቂት ከሰል ይበስላል። ምጣዱ ግን ብዙ እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱም በየጠርዙ እኩል መድረስ አለበት።

እንግዲህ የ1998ቱን ታሪፍ በዚህ ዓይን እንየው። የቤት ተጠቃሚው በሰባት እርከን ተከፍሏል። የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም፤ ከ51 እስከ 100 ያለው 35 ሳንቲም ተኩል ያህል፤ ከ101 እስከ 200 ያለው 50 ሳንቲም ገደማ፤ እንዲህ እያለ ከ500 በላይ ያለው 69 ሳንቲም ይደርሳል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ድሃው ጥቂት ይጠቀማል፣ ስለዚህ በጥቂቱ ይክፈል፤ ብዙ የሚጠቀመው አቅም አለው፣ ስለዚህ ከፍ ያለ ይክፈል። ይህ የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለድሃ ቤተሰቦች በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በነፃ መስጠት ጀምራለች። ቁጥሩ ያው 50 መሆኑን ልብ በሉ። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት አምፖል፣ ሬዲዮና አነስተኛ ቴሌቪዥን ላለው ቤት በደንብ ይበቃል።

ለምጣድስ? እስቲ እናስላው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ መጠኑ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል። መካከለኛውን 3 ሺህ 500 እንያዝ። ቤተሰብ ያላት ሴት በሳምንት ሁለት ቀን ትጋግራለች እንበል፤ ምጣዱን ከማሟሟቅ ጀምሮ በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅባት፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሦስት ሰዓት በ3.5 ሲባዛ 10 ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በአራት ሳምንት 42። ከ50ው የቀረን 8 ብቻ ነው። አንድ የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን አራት ሰዓት ሲበራ በወር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። አንድ አምፖል ካበራን በቃ፣ ዳር ደረስን። ሁለተኛውን አምፖል ስናበራ ከድሃው እርከን ወጣን።

ስለዚህ 27 ሳንቲሙ ለመብራት የተቆረጠ ዋጋ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። እንጀራዋን በኤሌክትሪክ የምትጋግር ድሃ ሴት በቆጣሪው ዓይን ድሃ አይደለችም። በእንጨት የምትጋግረዋ ግን ጭሱን እየዋጠች ከርካሹ እርከን ሳትወጣ ትኖራለች። ታሪፉን ያወጡት ሰዎች ክፋት ነበራቸው ማለታችን አይደለም፤ ሲያስቡ የታያቸው አምፖሉ ነው እንጂ ምጣዱ አልነበረም።

ሆኖም ከዚህ ስሌት ጋር የሚያያዝ አንድ ጥሩ ሥራ ተሠርቷል፤ ብዙዎቻችን ግን ረስተነዋል። በ2001 ዓ.ም. የኃይል እጥረት ተከስቶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። በዚያን ዘመን ኮርፖሬሽኑ የድሮውን አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነፃ ማደል ጀመረ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ተለወጠ። ዓላማው ማታ ማታ በግድቦቹ ላይ የሚደርሰውን ጫና መቀነስ ነበር፤ የታደለው ለእኛ ቢል ታስቦ አልነበረም። ውጤቱ ግን ከማንኛውም የዋጋ ቅናሽ አያንስም። ባለ 11 ዋቱ አምፖል በዚያው በአራት ሰዓት በወር የሚፈጀው 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት አምፖል እንኳ ቢበራ ከ4 አያልፍም። 42 እና 4 ሲደመር 46፤ ምጣድ ያላት ሴት ከ50 በታች ገባች ማለት ነው! ዋጋውን ሳይነኩ ቢሉን መቀነስ እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም። ዛሬ ደግሞ ከዚያም የሚያንስ የሚወስዱ የኤልኢዲ አምፖሎች በየሱቁ አሉ።

ይህ ሁሉ ግን ቆጣሪ ላለው ነው። ወደ ዋናው ነገር የደረስነው እዚህ ላይ ነው። የመብራት ድጎማ በቀበሌ አይታደልም፤ የሚመጣው በቆጣሪ ውስጥ አልፎ ነው። ቆጣሪ የሌለው ድጎማም የለውም። መንግሥት ይህን አላጣውም። 27 ሳንቲሙ በተቆረጠበት በ1998 ዓ.ም. የገጠር ቀበሌዎችንና ትናንሽ ከተሞችን ለማዳረስ ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀመረ። በብዙ ቦታ ምሰሶው ተተከለ፣ ሽቦው ተዘረጋ፤ ግን ከምሰሶው ሥር ያለው ጎጆ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ የወሩ ዋጋ አልነበረም፤ 13 ብር የሚያቅተው ጥቂት ነው። ያቃተው ቆጣሪ ለማስገባት በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ ነበር። በዓለም ባንክ ድጋፍ ለድሃ ቤተሰቦች የማስገቢያውን ጥቂት በቅድሚያ ከፍለው ቀሪውን በየወሩ እየከፈሉ እንዲጨርሱ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ እምነት ይህ ብድር ከ27 ሳንቲሙ ይልቅ ለድሃዋ ሴት የቀረበ እርዳታ ነበር።

በከተማችን ያለው ችግር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ተከራይ ናቸው። በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ቤት በአከራዩ ቆጣሪ ይጠቀማል። እያንዳንዷ በወር 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትጠቀም ለብቻዋ በርካሹ እርከን ውስጥ ነበረች። የአራቱ ሲደመር ግን 160 ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ አራት ምድጃ አይቆጥርም፣ አንድ ደንበኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። አከራዩ ተደምሮ የመጣውን ያከፋፍላል፤ አንዳንዱ በእኩል፣ አንዳንዱ በአምፖል ብዛት፣ አንዳንዱ እንደፈቀደው። ምጣድ መጣድ ጨርሶ የሚከለክልም አለ። የራስ ቆጣሪ ልጠይቅ ብትል የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የባለይዞታው ፈቃድ ይፈለጋል፤ ቤት ቢኖራት እንኳ ካርታው በብዛት በባል ስም ነው። ለድሃ ተብሎ የወጣው ዋጋ በዚህ መንገድ ድሃዋን ዘልሎ፣ ብቻውን በሰፊ ግቢ ለሚኖርና ማታ አምፖል ብቻ ለሚያበራ ሰው ሲደርስ አይተናል።

በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ተከለሰ። ጭማሪው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲገባ ተደረገ። የመጀመሪያው እርከን አሁንም በ27 ሳንቲሙ እንዲቆይ ተወሰነ። ሁለተኛው ከ35 ሳንቲም ተነስቶ በአራተኛው ዓመት 76 ሳንቲም ከምናምን ደረሰ። ከ101 እስከ 200 ያለው ከ50 ሳንቲም ወደ 1 ብር ከ62 ሳንቲም ተኩል ወጣ። ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ሆነ። እንደ አጠቃላይ ከወሰድነው ለድሃ ያዘነ ክለሳ ነበር። ግን ቀደም ሲል ያነሳነውን የአራት ቤት ግቢ አስታውሱ፤ ክለሳው ሲያበቃ በ160ኛው ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ያለው ዋጋ ከ27 ሳንቲሙ ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኗል። በ1998ቱ ታሪፍ ልዩነቱ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም ነበር። ክለሳው ለድሃ ባዘነ ቁጥር፣ ቆጣሪ የሚጋራው ድሃ ይበልጥ ተጎዳ።

ለምን ተከለሰ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እንዳስቀመጠው፣ በጊዜው ኤሌክትሪክ ያገኝ የነበረው ከሕዝቡ 44 በመቶ ያህሉ ነበር፤ 33ቱ ከዋናው መስመር፣ 11ዱ ከፀሐይ ኃይልና ከመሳሰለው። ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ 27 ሳንቲሙን በስም እንኳ አያውቀውም። አገልግሎቱ ርካሽ በሆነ ቁጥር መሥሪያ ቤቱ የተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚተካበት፣ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ የሚቀይርበት፣ አዲስ መስመር የሚዘረጋበት ገንዘብ ያጣል። ዕዳውም ተከማችቶ ነበር። ስለዚህ የርካሹ ዋጋ አንድ ክፍል የተከፈለው ገና ባልተዘረጋለት ገበሬ ነው፤ ሌላው ክፍል ደግሞ በመብራት መጥፋት ነው። በሰፈራችን “መብራት በሌለበት ቀን ሂሳቡ ዜሮ ነው” እያሉ የሚቀልዱ አሉ። ዜሮ አይደለም። ሊጥ ኩፍ ብሎ ተርፎ መብራት ሲጠፋ ከሰል ወይም እንጨት ይገዛል፤ ያ ወጪ የትም ቢል ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ ግድቡ። የታላቁ የህዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከደመወዛችን ተቆርጧል፣ ቦንድ ገዝተናል፣ ባለ ጉልቱም ባለ ሱቁም አዋጥቷል። ከዚህ በኋላ መብራት ርካሽ ይሆናል ብሎ ማሰብ የዋህነት አይደለም። ግን ግድብ የሚያመነጨው ኃይል ነው፤ ቤታችን ድረስ የሚያመጣው ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ሌላ ወጪ ነው፤ አብዛኛው ዕቃ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ብሩ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ይህ ወጪ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም አዲሱ ታሪፍ ሥራ ላይ ዋለ። ይህኛው በዓመት ሳይሆን በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚሄድ ነው። ዝቅተኛ ተጠቃሚዎች አሁንም ከሌላው ያነሰ ይከፍላሉ። ሆኖም ከ1998 ጀምሮ ያልተነካው 27 ሳንቲም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነካ።

እኛ ጭማሪውን በጭፍን የምንቃወም አይደለንም፤ 27 ሳንቲም ለዘላለም ይኑር ማለት አይቻልም። ቅር የሚለን እርከኑ ነው። ዋጋው ሁለት ጊዜ ሲከለስ የመጀመሪያው እርከን ጣሪያ ከ50 አልተነቃነቀም። በ1998 በከተማችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ሴት በጣት የምትቆጠር ነበረች፤ ዛሬ እንጨቱ ከመወደዱ የተነሳ ተበድራም ቢሆን የምትገዛ ብዙ ናት። ደን ይጠበቅ፣ ጭስ ይቅር እየተባለ የሚመከረው መንግሥት ራሱ ነው። የመጀመሪያው እርከን 80 ወይም 100 ቢሆን፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ፣ ምጣድ ያላት ድሃ ከነምጣዷ ትገባበት ነበር። ታሪፍ የሚያጸድቀው አካል ይህን ሂሳብ ቢሠራው ከባድ አይደለም፤ እኛ በአንድ ገጽ ሠርተነዋል።

በማኅበር ተደራጅተን እንጀራ እየጋገርን እንሽጥ የሚለው ሐሳብም ከዚህ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ሥራው ፈቃድ ሲወጣበት ቆጣሪው የንግድ ይሆናል፤ የንግድ ዋጋ ደግሞ የድሃ እርከን የለውም፤ ከመጀመሪያው ኪሎ ዋት ሰዓት ጀምሮ አንድ ዓይነት ነው። የእንጀራችንን መሸጫ ዋጋ ስንቆርጥ በቤታችን ቢል ከሰላነው በሦስተኛው ወር እንከስራለን። በተጨማሪም ዋጋው በየሦስት ወሩ ስለሚንቀሳቀስ ከደንበኛ ጋር የምንገባው ውል ከሦስት ወር ባይበልጥ ይመረጣል።

ለቆጣሪ ማስገቢያ የሚሆን ተዘዋዋሪ ብድር ከቁጠባችን እንዲመደብ የቀረበው ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል። ቅድሚያ የሚሰጠው በጋራ ቆጣሪ ለሚጠቀሙና አከራያቸው በጽሑፍ ለፈቀደላቸው አባላት እንዲሆን ታስቧል። የመጨረሻ ሦስት ወር ቢላችሁን፣ የካርድ ቆጣሪ ከሆነም የሞላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። በጋራ የምትጠቀሙ ደግሞ በግቢው ስንት ቤት፣ ስንት ምጣድ እንዳለ ጽፋችሁ አምጡ።